«ልምድ ያለው» ሰው የት ነው የሚወለደው?

በዚህች አገር የማይሞት አንድ ወሬ አለ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ይለዋል፤ የሥልጠና ማዕከል ባለቤት ማስታወቂያው ላይ ይለዋል፤ ልጁን አስተምሮ የጨረሰ አባት ደግሞ እየመረረው ይደግመዋል። «የአይቲ ተመራቂ ሞልቷል፤ ባለሙያ ግን የለም!» ወሬው ተወርቶ ሲያበቃ ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ተመራቂው ላይ። ራሱን አላበቃም፣ ክህሎት የለውም፣ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው...

እኛ ይህን ወሬ አንቀበልም። ተመራቂ ሁሉ ጎበዝ ነው ብለን አይደለም። ጥያቄው ተገልብጦ ስለተጠየቀ ነው። «ለምን ልምድ የላችሁም?» ከመባሉ በፊት «ልምድ ያለው ሰው በዚህ አገር የት ነው የሚወለደው?» መባል ነበረበት። ከእናቱ ማህፀን ሲስተም አድሚኒስትሬተር ሆኖ የወጣ ሰው እስካሁን አልሰማንም።

«ጋዜጠኝነት የተማራችሁ ልጆች፣ እናንተን በአይቲ ጉዳይ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያገባናል። እኛ የ70/30 ዘመን ልጆች ነን። መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ደግሞ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ወስኖ ለዓመታት ሠርቶበታል። እኛ ከ30ዎቹ ወገን ነበርን፤ «ተመርቃችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» እየተባልን ተማርን። ዶርም የተጋሩን ጓደኞቻችን ከ70ዎቹ ወገን ነበሩ፤ «አገር የምትለወጠው በእናንተ ነው» እየተባሉ ተማሩ። ዛሬ ሁለታችንም አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመን እናነባለን። ልዩነቱ ለእኛ መጀመሪያውኑ ቃል አልተገባልንም። ለእነሱ ግን ተገብቶላቸው ነበር። ቃል የተገባለት ሰው ቃሉ ሲቀርበት ያሳዝናል፤ ቃሉ ቀርቶበት ሲሰደብ ግን ዝም ማለት ነውር ነው።

እስቲ ከሥሩ እንየው።

ሲፕላስፕላስ በእስክርቢቶ

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የግል ኮሌጆቹን ጨምሩበት። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እየተባለ በየግቢው ተከፈተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ለመክፈት ሆስፒታል ያስፈልጋል። የአይቲ ትምህርት ክፍል ለመክፈት ግን አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ኮምፒውተሮችና በሩ ላይ የሚለጠፍ «ላብ» የሚል ወረቀት ይበቃል፤ ቢያንስ ብዙዎች እንደሚበቃ አድርገው ከፍተውታል።

ከዚያስ? አንድ ኮምፒውተር ሦስት ተማሪ ይከብበዋል። ኪቦርዱን የሚነካው አንዱ ነው፤ ሁለቱ ያያሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሦስቱም ያያሉ፤ ጥቁር ስክሪን። ፕሮግራሚንግ የሚባለውን ትምህርት ፈተናውን በወረቀት የወሰደ ስንት ጓደኛ አለን! ሲፕላስፕላስ በእስክርቢቶ ይጻፋል፤ መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ ያርማል። ኮምፒውተሩ ራሱ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ብሎ የሚያስተምረው ትምህርት፣ ማለትም የዚህ ሙያ ግማሹ፣ በዚህ መንገድ ሳይማሩት ይታለፋል። ዋና በወረቀት ተምሮ ወንዝ የተሻገረ ካለ ይንገረን።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። በመጀመሪያው ዙር በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ «ይኸው! ብለን አልነበር?» አለ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሊያስደነግጥም ይገባል። ግን ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ አራት ዓመት ሙሉ አስተምሮ፣ በየመንፈቁ ፈትኖ፣ አሳልፎ፣ ለመውጫው ያደረሰው ማነው? ተቋሙ አይደለምን? ታዲያ ለምን የወደቀው ተማሪው ብቻ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ፈተናው ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ። አንድ የሶፍትዌር ተማሪ አንዲት የምትሠራ ፕሮግራም በገዛ እጁ ሳይጽፍ ሊያልፈው ይችላል፤ ድንቅ ፕሮግራም የጻፈችዋ ደግሞ ሽምደዳ ስለማትወድ ልትወድቅበት ትችላለች።

የሚያስቀው፣ የተግባር ፈተና በአገሪቱ አለ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ሲኦሲ ሲፈተኑ ከጽሑፉ ሌላ የተግባሩንም ይፈተናሉ። ማሽን ፍታ፣ ኔትወርክ ዘርጋ፣ አሳየን ይባላሉ። ነገር ግን ቀጣሪው ዘንድ ሲደርሱ «ዲግሪ የለህም» ተብለው ይመለሳሉ። በተግባር የተፈተነውን በዲግሪ ይጥሉታል፤ ዲግሪ ያለውን በተግባር ይጥሉታል። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ማለት ይኸው ነው።

ሁሉም ያጭዳል፣ የሚዘራ የለም

ማስታወቂያዎቹን አንብቡ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይታችሁም ሆነ ቴሌግራም ከፍታችሁ አንብቡ። «በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ ሙያ ዲግሪ ያለው፣ ሦስት ዓመት ልምድ።» ቀጥሎ «አምስት ዓመት፣ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ባንክ ውስጥ»። ከስንት አንድ «0 ዓመት» የምትል ትገኛለች። እሷ ላይ ደግሞ የአንድ ከተማ ሕዝብ ያመለክታል። የሰው ብዛት ሲያስጨንቀው ቀጣሪው ጂፒኤ ያስገባል፤ ከዚህ በታች ያለው አይመዝገብ ይላል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ ዋስ አምጣ። ደመወዝ ያለው ዋስ! ዘመዱ ሁሉ ገበሬ የሆነ ልጅ ዋስ ከየት ያመጣል?

«ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የምትል መስመርም አለች፤ እኛ ሴቶቹ በቃላችን እናውቃታለን። ማበረታቻው እዚያችው መስመር ላይ ያበቃል። ተቀጥራ የገባችው ጓደኛችን ሰርቨር ክፍሉ «የሌሊት ፈረቃ አለው፣ አትችዪውም» ተብላ ስልክ እንድታነሳ ተመደበች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕድገት ስትወዳደር የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገምቱ። የሰርቨር ልምድ!

እዚህ ላይ ያለው ስሌት ሕፃን ልጅም የሚገባው ነው። እያንዳንዱ ድርጅት ሌላ ድርጅት ያሠለጠነውን ሰው ይፈልጋል። ሁሉም ከጎረቤት ማሳ ማጨድ ይወዳል፤ የራሱን ማሳ የሚዘራ ግን የለም። ሁሉም እንዲህ ካሰበ አጨዳው የሚያልቀው መቼ ነው? አልቋል እኮ! «ባለሙያ ጠፋ» የሚሉት ለዚህ ነው። በአንድ በኩል ልምድ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ከባንክ ባንክ በደመወዝ ጨረታ ይዘዋወራሉ፤ በሌላ በኩል የመጀመሪያዋን ዕድል ያላገኙት ዓመት ቆጥረው «የቆየ ተመራቂ» ይባላሉ። እንደ እንጀራ ሻገቱ ማለት ነው። የሚሸጥ የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ገበያ ያገኘውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በሩን ዘግተህ ስታበቃ አጥር የሚዘለውን መውቀስ ቀላል ነው።

የኔትወርክ ሙያ የተማሩትማ ለረጅም ዘመን አንድ በር ብቻ ነበር የነበራቸው። ቴሌ። ሳፋሪኮም በ2013 ፈቃድ አግኝቶ በ2015 መጀመሪያ አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በዚህ አገር የቴሌኮም ባለሙያ ሆኖ «ሌላ ቦታ ልወዳደር» ማለት ኢትዮጵያን ለቅቆ መውጣት ማለት ነበር።

ዶክተሩ ወለል ይጠርጋል

ተቀጠረ እንበል። ምን ይሠራል? የመሥሪያ ቤት አይቲ ባለሙያ ውሎ ይህን ይመስላል። ጠዋት የኃላፊዋ ፕሪንተር ወረቀት ነክሷል፤ ያወጣል። አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ ፕሮጀክተር ይዘረጋል፣ ማይክ ይፈትሻል። ከሰዓት ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቁምጥምጥ ብሏል፤ ያስተካክላል። በመሃል የአንዱ ስልክ፣ የሌላው የልጁ ታብሌት ይመጣል። «አንተ አይቲ አይደለህ?» ሲባል እምቢ አይልም።

ሥራ ነውር የለውም፤ ፕሪንተር መጠገንም ሙያ ነው። ነገር ግን ዶክተር ቀጥረህ ወለል ስታስጠርገው ከርመህ በሦስተኛው ዓመት «ለምን ቀዶ ጥገና አትችልም?» ካልከው ጥፋተኛው ዶክተሩ አይደለም። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሲቆይ ደብዳቤው ላይ «የ3 ዓመት ልምድ» ይጻፍለታል። እውነቱ ግን የአንድ ወር ልምድ 36 ጊዜ ተደግሟል። ከዚያም ወጥቶ ሲወዳደር ይወድቃል። ከዚያም ምን ይባላል? «ክህሎት የለውም!»

ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ቁስል እንምጣ። በዚህ አገር ትልልቅ የኮምፒውተር ሥርዓት የለም እንዳይባል አለ። ባንኮቻችን ሞልተዋል፤ በ2013 ግንቦት ሥራ የጀመረው ቴሌብር ሚሊዮኖች እጅ ገብቷል። ግን ባንኮቻችን የሚተማመኑባቸው ዋና ሶፍትዌሮች ቲ24፣ ፍሌክስኪዩብ የሚባሉ ከውጭ የተገዙ ናቸው። የቴሌብር መድረክ ከሁዋዌ ጋር የተሠራ ነው። መግዛቱን አንቃወምም። ሁሉን ነገር ከዜሮ ካልሠራን የሚል ጀብደኛም አይደለንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሲገዛ ምን አብሮ ተገዛ? የእኛ ልጆች ከገጣጣሚው ጎን ተቀምጠው ሆዱን ከፍተው እንዲያዩ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? ወይስ የተሰጣቸው የይለፍ ቃልና የሦስት ቀን ሥልጠና ከሻይ ቡና ጋር ነው?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ እስኪዘጋ ድረስ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ሥርዓቱ ላይ በተሠራ ሥራ የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ በኋላ አገር ምን ተወያየ? ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር! ፎቶና ስም ተለጠፈ፣ መልሱ ተባለ፣ ተመለሰም። ጥሩ፣ የሰው ገንዘብ ይመለስ። ግን ሁለተኛው ውይይት የት ደረሰ? አንድ ለውጥ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት የሚሞክሩት፣ የሚጠራጠሩት፣ «ቆይ፣ ይሄ አልተፈተሸም» የሚሉት ሰዎች ስንት ናቸው? ማን ያሠለጥናቸዋል? ያንን ሙያ «ሶፍትዌር ቴስተር» ይሉታል፤ ለጀማሪ ተመራቂ ከሚስማሙት ሥራዎች አንዱ ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ፈልጋችሁ እስክታገኙት ዓይናችሁ ይደክማል። የጀማሪን ደመወዝ መቆጠብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያቺ ሌሊት ታስረዳለች።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ እኛ ድሃ አገር ነን» የሚል መልስ ከመጣ አንድ የአገር ቤት ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ። ሲመሠረት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1945፣ አብራሪውም አስተዳዳሪውም በአሜሪካው ቲደብልዩኤ በኩል የመጣ ነበር። የራሳችን ልምድ ያለው የአየር መንገድ አብራሪ አልነበረንም። ያኔ የነበሩት ሰዎች «ልምድ ያለው ኢትዮጵያዊ እስኪገኝ እንጠብቅ» አላሉም። ማሠልጠኛ ከፈቱ፤ ልጆቹን ከፈረንጆቹ ጎን አስቀመጡ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። 12 ዓመት! በ1971 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ መጡ። አብራሪ የማሠልጠን ያህል ውድ ነገር የለም፤ ስህተቱም የሰው ነፍስ ነው። እሱን የቻለ አገር ፕሮግራመር ማሠልጠን አቃተኝ ሲል እንዴት እንመነው?

ሕንዶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኢንፎሲስ የሚባለው ኩባንያ ማይሶር ከተማ ትልቅ የማሠልጠኛ ግቢ ገንብቶ፣ አዲስ ተመራቂዎችን ደመወዝ እየከፈለ ለወራት ያስተምራል። የሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ጥሩ ስለሆኑ አይደለም፤ እዚያም «ተመራቂው ክህሎት የለውም» የሚል ሮሮ አለ። ልዩነቱ ሮሮውን ይዘው አልተቀመጡም።

ሰርተፊኬት ቆጠራ

በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል መርሐ ግብር ጀመረ። በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ነፃ፣ ስለ ፕሮግራሚንግ፣ ስለ አንድሮይድ፣ ስለ ዳታና ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት ነው። ነፃ ትምህርት ተሰጠ ብለን የምንቆጣ እብዶች አይደለንም። ገብታችሁ ተማሩ፤ የጋዜጠኝነት ተማሪም ይጠቅመዋል።

የምንቃወመው ቆጠራውን ነው። ዜናው ሁልጊዜ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ሰርተፊኬት ወሰደ ነው። ስንቱ ሥራ አገኘ? ስንቱ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ነገር ሠራ? ይህን የሚነግረን ዜና ስንጠብቅ ከረምን። የመጀመሪያ ደረጃ የኢንተርኔት ኮርስ ለዚህ ሙያ ፊደል መቁጠር ነው። ሀሁ የቆጠረ ሁሉ ደራሲ አይባልም፤ አምስት ሚሊዮን ሰው ሀሁ ቆጠረ ማለትም አምስት ሚሊዮን ደራሲ አለን ማለት አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ገበያው የሚያከብረው ሰርተፊኬትስ? እንቁጠር። ሲሲኤንኤ የሚባለው የሲስኮ የኔትወርክ ፈተና 300 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ሳለ 17 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። ዶላሩ 150 ብር ገደማ ሲደርስ 45 ሺህ ብር ሆነ። በመስከረም 2018 በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ቤት ሳይከራይ፣ ግብር ሳይከፍል የአራት ወር ደመወዙ ለአንድ ፈተና! ወድቆ ቢደግምስ? «ራስህን አብቃ» የሚለው ምክር ነፃ ነው፤ ማብቂያው ግን በዶላር ነው።

«በኢንተርኔት ከቤታችሁ ሥሩ»

ሌላው ተወዳጅ ምክር ይህ ነው። «ሥራ የለም አትበሉ፤ ለውጭ ድርጅት ከቤታችሁ ሥሩ።» የሚሠሩ ጓደኞች አሉን፤ እናከብራቸዋለን። ግን መካሪው አንድ ነገር ይመልስልን። ለሩቅ ቀጣሪ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ ምንድን ነው? ችሎታ? ችሎታማ ሌላውም አለው። የሚሸጠው መተማመን ነው። ሰኞ አስረክባለሁ ያለው ሰኞ ማስረከብ አለበት።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ከኢንተርኔት ውጭ ሆነ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋረጠ። የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የመቀሌ ልጅ የውጭ ደንበኛውን እንዴት አድርጎ «ይቅርታ፣ አገሬ ተዘግታ ነበር» ይበለው? በምን ይበለው? ደንበኛው ሁለተኛ አይመለስም፤ ለእሱ ብቻ አይደለም፣ «ኢትዮጵያ» የሚል አድራሻ ላለው ሁሉ አይመለስም። ኢንተርኔት የዘጋ እጅ «ለምን ዶላር አታመጡም?» ብሎ ሊጠቁም አይገባም።

አዲሱ እንግዳ

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ከኅዳር 2015 ወዲህ ቻትጂፒቲና ዘመዶቹ መጡ። ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩት ሥራዎች፣ ቀላል ድረ ገጽ ማውጣት፣ ፎርም ማስተካከል፣ ትንሽ ስክሪፕት መጻፍ፣ ዛሬ ልምድ ያለው ሰው ማሽኑን አዝዞ በደቂቃ ይጨርሳቸዋል። አንዳንዱ ቀጣሪ «ጀማሪ ለምኔ?» ማለት ጀምሯል።

እስቲ ጨርሰን እናስበው። ማሽኑ ይሳሳታል፤ ያውም በድፍረት ይሳሳታል። ስህተቱን የሚያውቅበት ልምድ ያለው ሰው ነው። ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ትናንት ጀማሪ የነበረ ሰው ነው። የዛሬን ጀማሪ ካስቀረን ከአሥር ዓመት በኋላ ማሽኑን የሚያርመው ማነው? መሰላሉን ስትወጣ የታችኛውን እርከን እየቆረጥክ ከወጣህ አንተ ላይ ትደርስ ይሆናል፤ ከኋላህ ግን ማንም አይመጣም።

ተስፋም አለ፤ አንደብቅም። ፊደላችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የገባው ለኛ ፊደል የተቆረቆሩ ባለሙያዎች ዓመታት ስለለፉበት ነው። ያንን ሥራ ማንም የውጭ ኩባንያ በራሱ ጊዜ ለኛ ብሎ አይሠራልንም ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የሚሰማ ማሽን፣ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያነብ፣ የቀበሌ ወረፋ የሚያቃልል፣ የቡና ገበሬ ዋጋ የሚያይበት ነገር ከሲሊከን ቫሊ ተጭኖ አይመጣም። ሥራው አለ። ሞልቷል። የጎደለው ሥራውን ከፍሎ የሚያሠራ ነው።

ለሚመልሱልን

«ብናሠለጥናቸው ጥለውን ይሄዳሉ» ይሉናል። ይሂዱ! የአየር መንገዱም አብራሪዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ይሄዳሉ፤ ማሠልጠኛው አልተዘጋም። ያሠለጠንከው ሰው እንዳይሄድ ከፈለግህ ደህና ክፈለው፣ ሰው አድርገህ ያዘው። ያላሠለጠንከው ሰው አይሄድም፤ እውነት ነው። ግን ቢቆይስ ምን ይሠራልሃል?

«ራሳቸውን አስተምረው ጉግል የገቡ ልጆች አሉ እኮ» ይሉናል። አሉ፤ እንኮራባቸዋለን። ግን እንዴት እንደገቡ እዩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በአዲስ አበባ የጀመረውን ኤቱኤስቪን ተመልከቱ። ተማሪዎች በየቀኑ ተሰባስበው ችግር ይፈታሉ፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስተምራል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስም ወጣቶችን ሰብስቦ እውነተኛ ሥራ ላይ አስቀመጠ። እነዚህ የግለሰብ ተአምር አይደሉም። ጀማሪ ከበሰለው ጎን የተቀመጠባቸው ቦታዎች ናቸው። እኛ የምንለውም እሱኑ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ይብዛ!

«ተመራቂው ራሱ ሰነፍ ነው» ይሉናል። ሰነፍማ አለ። በየትኛው ሙያ የለም? ለእሱም የምንለው አለን። ወንድማችን፣ እህታችን፣ ሃያ ሰርተፊኬት ከምትደረድሩ አንዲት ሰው የሚጠቀምባት ነገር ሥሩ። የሠፈሩን ዕቁብ የምትመዘግብ ትሁን፣ የፋርማሲውን መድኃኒት የምትቆጥር። ሰው ሲጠቀምባት ትበላሻለች፤ ስትበላሽ ትማራላችሁ። ነገር ግን ይህን ምክር የምንሰጠው እኛ እንጂ ሥራ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ምክር ሳይሆን ማምለጫ ነው።

የምንጠይቀው

ጩኸት ብቻ ነው እንዳንባል እንቁጠረው።

አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም ትልቅ ሶፍትዌር ውሉ ላይ በስም የሚታወቁ ኢትዮጵያውያን ጀማሪዎች ከገጣጣሚው ጋር ከመጀመሪያው ቀን እንዲሠሩ ይጻፍ። ርክክቡ የሚፈረመው እነሱ ብቻቸውን ሥርዓቱን አንድ ወር ሲያንቀሳቅሱ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ባንኮችና ቴሌኮሞች በየዓመቱ የተወሰነ «0 ዓመት» ይቅጠሩ፤ ደመወዝ ያለው የአንድ ዓመት ልምምድ ይሁን። በነፃ ጉልበት አይደለም፤ በሻይ ገንዘብም አይደለም።

ሦስተኛ፣ የአይቲ መውጫ ፈተና የተግባር ክፍል ይኑረው። ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ የተቻለው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ሰርተፊኬት መቁጠር ይቁም፤ ሥራ ይቆጠር። ከሠለጠኑት ስንቱ ከዓመት በኋላ በሙያው ላይ እንዳለ በይፋ ይነገረን።

አምስተኛ፣ ኢንተርኔት አይዘጋ። ይህ የፖለቲከኞች ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ «ባለሙያ ጠፋ» ልትል አፍህን ስትከፍት አንዴ ቆም በል። ባለፈው ዓመት ስንት ጀማሪ ቀጠርክ? ከማን ጎን አስቀመጥከው? ምን አስነካኸው? መልስህ «ፕሪንተር» ከሆነ፣ ባለሙያው አልጠፋም። አንተው ክፍል ውስጥ ወረቀት እያወጣ ነው።